የራፋኤል ሳዲቅ «አሮጌ» አልበም ምን ያስተምረናል?

የድሮ ዘፈን መዝፈንና በድሮ ስልት አዲስ ዘፈን መሥራት አንድ ነው እንዴ? ብዙዎቻችን አንድ አድርገን ነው የምናወራው። አንድ ድምፃዊ የቀደሙትን የሚያስታውስ ሥራ ይዞ ብቅ ሲል ግማሻችን «ወርቃማው ዘመን ተመለሰ!» እንላለን። ሌላው ግማሽ ደግሞ «የራሱ ነገር ቢያጣ ነው» ብሎ ያጣጥለዋል። ይህ ክርክር በዶርማችን ስንት ሌሊት እንዳስመሸን የምናውቀው እኛው ነን። ማስረጃ ሳይቀርብበት የሚያድር ክርክር ደግሞ ለጋዜጠኝነት ተማሪ አይመችም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አንድ አልበም ወስጄ፣ ከውስጥ ፈታትቼ፣ ነገሩን ለማስረዳት እሞክራለሁ።

አልበሙ አሜሪካዊው ድምፃዊ ራፋኤል ሳዲቅ በሴፕቴምበር 2008 በኮሎምቢያ ሪከርድስ በኩል ያወጣው «ዘ ዌይ አይ ሲ ኢት» ነው። «እኔ እንደሚታየኝ» እንደ ማለት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አልበሙን ያላወቀ ሰው ሲሰማው የ1960ዎቹ ሸክላ ነው ብሎ ሊወራረድ ይችላል። ዘፈኖቹ ግን አዳዲስ ናቸው።

ሰውየው ማን ነው?

ሳዲቅ በካሊፎርኒያዋ ኦክላንድ ከተማ በ1966 ተወለደ። ገና በወጣትነቱ በ1986 ከሺላ ኢ ባንድ ጋር ቤዝ ጊታር እየተጫወተ የፕሪንስን የሙዚቃ ጉዞ ተከትሏል። ከዚያ ከወንድሙ ከድዌይን ዊጊንስና ከዘመዳቸው ከቲመቲ ክርስቲያን ራይሊ ጋር ሆኖ «ቶኒ! ቶኒ! ቶኔ!» የተባለውን ባንድ ይዞ ብቅ አለ። የመጀመሪያ አልበማቸው የወጣው በ1988 ነው። ለሌሎች ድምፃውያንም ፕሮዲውሰር ሆኖ ሠርቷል። ከነዲያንጄሎ ጋር የሠራቸው ሥራዎቹ የታወቁ ናቸው። እንግዲህ ይህን አልበም ሲሠራ የ42 ዓመት ሰው ነበር። ሌላ መንገድ ጠፍቶት ወደ ኋላ የሄደ ጀማሪ ነው ማለት አይቻልም። በዘመኑ ስልት ስሙን አስጠርቶ ከጨረሰ በኋላ ነው የሄደው።

በነገራችን ላይ ሳዲቅ በዚህ ብቻውን አልነበረም። ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በ2006 እንግሊዛዊቷ ኤሚ ዋይንሃውስ «ባክ ቱ ብላክ»ን አውጥታ ነበር። በዚያ አልበም ላይ ከተጫወቱት መካከል የኒውዮርኮቹ ዳፕ ኪንግስ ይገኙበታል፤ እነሱም ከሻሮን ጆንስ ጋር ሆነው የቀድሞውን ሶል በቀድሞው መሣሪያ ሲቀርጹ የኖሩ ናቸው። ጊዜው የመመለሻ ጊዜ ነበር ማለት ይቻላል።

ወደ ምን ተመለሱ?

ሪትም ኤንድ ብሉዝ የሚለው ስም ራሱ ታሪክ አለው። ቢልቦርድ የተባለው የሙዚቃ መጽሔት እስከ 1949 ድረስ የጥቁር አሜሪካውያንን ሸክላዎች «የዘር ሸክላዎች» በሚል መጠሪያ ለይቶ ነበር ደረጃ የሚያወጣላቸው። በዚያ ዓመት ጄሪ ዌክስለር የተባለው የመጽሔቱ ጸሐፊ ሐሳብ አቅርቦ ስሙ «ሪትም ኤንድ ብሉዝ» ተባለ። ልብ በሉ፤ የአንድን ሙዚቃ ስም የቀየረው ጋዜጠኛ ነው! ሶል የመጣው ከዚያ በኋላ፣ እንደ ሬይ ቻርልስ ያሉት ሰዎች በ1950ዎቹ የጥቁሮችን ቤተ ክርስቲያን የአዘማመር ስልት ከዓለማዊው ሪትም ኤንድ ብሉዝ ጋር ሲያዋህዱት ነው።

ሳዲቅ በዋናነት የተመለሰው ወደ ዲትሮይት ነው። በዚያች የመኪና ፋብሪካዎች ከተማ ቤሪ ጎርዲ የሚባል ሰው በ1959 ከቤተሰቡ 800 ዶላር ተበድሮ ኋላ ሞታውን የተባለውን የሙዚቃ ኩባንያ ጀመረ። ጎርዲ ቀደም ሲል የመኪና መገጣጠሚያ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፤ ዘፈንንም እንደዚያው ደረጃ በደረጃ ማምረት እንደሚቻል አሰበ። አንድ ተራ መኖሪያ ቤት ገዝቶ ከኋላው ያለውን ክፍል ስቱዲዮ አደረገው።

ክፍሉ ጠባብ ነበር። ሙዚቀኞቹ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው በአንድ ላይ ይጫወታሉ። የድራሙ ድምፅ ወደ ጊታሩ ማይክሮፎን ይገባል፣ የጊታሩም ወደ ፒያኖው። ዛሬ የድምፅ ባለሙያዎች እያንዳንዱን መሣሪያ ለየብቻ ቀርጸው በኋላ ያቀናብሩታል። ያኔ ግን መቅጃው መጀመሪያ ላይ ሦስት ትራክ ብቻ ስለነበረው አንድ ሰው ሲሳሳት አብሮት የተቀረጸው ሁሉ እንደገና ይጀምራል። ታዲያ ያ መደበላለቅ ነው ለዘፈኖቹ የዚያን ቤት ሙቀት የሰጣቸው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው እዚህ ላይ ይሠራል።

ሌላም ምክንያት አለ። ሰው ዘፈኖቹን የሚሰማው በመኪና ሬዲዮና በትንንሽ ሬዲዮኖች ነበር። ስለዚህ ሞታውኖች ሥራቸውን በትልቅ ስፒከር ከሰሙት በኋላ በመኪና ሬዲዮ ልክ በሆነ ትንሽ ስፒከርም ይፈትሹት ነበር። ታምቡሪን በእነዚህ ዘፈኖች ላይ ጎልቶ የሚሰማው ያለ ምክንያት አይደለም። እንደኛ ጸናጽል ቀጭንና ጥርት ያለ ድምፅ ስላለው በትንሽ ስፒከርም ቢሆን ሾልኮ ይወጣል። አብዛኞቹ ዘፈኖችም ሦስት ደቂቃ አካባቢ ናቸው። የአንድ ትንሽ ሸክላ ገጽ የሚይዘውና የሬዲዮ ጣቢያ የሚፈልገው ያንኑ ያህል ነው።

ሳዲቅ ምን አደረገ?

ቀላሉ መንገድ ከድሮ ሸክላ ላይ ቆርጦ መለጠፍ ነበር። ያን ጊዜ ብዙ ሰው የሚሠራው እንደዚያ ነው። ሳዲቅ ግን ከድምፅ ባለሙያው ከቻርልስ ብሩንጋርት ጋር ሆኖ የዚያን ዘመን ዓይነት መሣሪያና የቀረጻ ዘዴ ተጠቀመ። ቤዙን፣ ጊታሩን፣ ድራሙን በአብዛኛው ራሱ ነው የተጫወተው። ዘፈኖቹን አጠር አድርጎ ሠራቸው። ድምፁንም አላስጮኸውም፤ ለስለስ ብሎ ከመሣሪያዎቹ መሀል እንደ አንዱ ሆኖ ይቀመጣል።

ለእኔ ግን ትልቁ ነገር የጠራቸው ሰዎች ናቸው። ታምቡሪኑን እንዲመታ ያስመጣው ጃክ አሽፎርድን ነው። አሽፎርድ በ1960ዎቹ በዚያ ጠባብ ክፍል ውስጥ ያንኑ ታምቡሪን ሲመታ የነበረ ሰው ነው፤ በ2008 ዕድሜው ከሰባ አልፎ ነበር። በቫዮሊኖቹ ቅንብር ፖል ራይዘር ተሳትፏል፤ እሱም የሞታውን አቀናባሪ ነበር። «ኔቨር ጊቭ ዩ አፕ» በተባለው ዘፈን ላይ ሃርሞኒካ የሚጫወተው ደግሞ ስቲቪ ዎንደር ነው። ስቲቪ በሞታውን ቤት የገባው በ1961፣ የ11 ዓመት ልጅ ሳለ ነው።

ይህ ነው እንግዲህ በማስመሰልና በመማር መካከል ያለው ልዩነት። የሚያስመስል ሰው ድምፁን ብቻ ይወስዳል። የሚማር ሰው ድምፁን ያወጣው ሰው ቤት ሄዶ በር ያንኳኳል።

ደስ የሚል ዜማ፣ የሚያስለቅስ ነገር

«እሺ፣ ተማረ እንበል፤ ታዲያ ምን አዲስ ነገር ተናገረበት?» የሚል አይጠፋም። መልሱ አልበሙ ውስጥ «ቢግ ኢዚ» የተባለው ዘፈን ነው። ቢግ ኢዚ የኒው ኦርሊንስ ከተማ ቅጽል ስም ነው።

በኦገስት 29 ቀን 2005 ካትሪና የተባለው ማዕበል የአሜሪካን ደቡባዊ ጠረፍ መታ። የኒው ኦርሊንስን ውኃ የሚያግዱት ግድቦች ተናዱ። ከከተማዋ 80 በመቶ ያህሉ በውኃ ተዋጠ። በአጠቃላይ ከ1,300 ሰው በላይ ሞተ። ሰው ጣሪያ ላይ ሆኖ እርዳታ ሲለምን ዓለም በቴሌቪዥን አየ። ከሁሉም በላይ የተጎዱት መኪና ኖሯቸው መውጣት ያልቻሉት ድሆች ነበሩ፤ አብዛኞቹም ጥቁሮች።

ሳዲቅ በዘፈኑ የጠፋችበትን ፍቅረኛውን በየቦታው የሚያጠያይቅ ሰው ሆኖ ነው የሚዘፍነው። ሪበርዝ ብራስ ባንድ የተባለው የዚያው ከተማ የነሐስ ባንድ ያጅበዋል። ዜማው ያስጨፍራል! ቃላቱን ያልሰማ ሰው የሠርግ ዘፈን ሊመስለው ይችላል። ቃላቱን የሰማ ሰው ግን ቆም ይላል። በኒው ኦርሊንስ የቀብር ወግ የነሐስ ባንድ ወደ መቃብር ሲሄድ በሐዘን ዜማ፣ ሲመለስ ደግሞ በሞቀ ጭፈራ ነው የሚያጅበው። እዚህ ዘፈን ላይ ያ ወግ ትዝ ይላል፤ ልዩነቱ የጠፋችው ሴት አለመገኘቷ ነው። የሚቀበር የለም፣ ፍለጋው ብቻ አለ።

የሶል ዘፈኖች መቼም ቢሆን ደስታና ሐዘንን በአንድ ዕቃ ሲያቀርቡ ኖረዋል። ሳዲቅ ያን አሮጌ ዕቃ ያነሣው የ2005ን ሐዘን ሊያቀርብበት ስለሆነ «የራሱ ነገር ቢያጣ ነው» የሚለው ወቀሳ እዚህ ላይ አይሠራም። እርግጥ ሁሉም ዘፈኖች እንዲህ ጥልቅ ናቸው አልልም። ስለ ፍቅር ብቻ የሚያወሩ፣ ሰምተን ደስ ብሎን የምናልፋቸው ብዙ ናቸው። ሱፍና ከረባቱም መድረክ ላይ አንዳንዴ ከዘፈኑ በላይ ይታያል። ቢሆንም አልበሙ ለግራሚ ሽልማት በምርጥ የአር ኤንድ ቢ አልበም ዘርፍ ከታጩት አንዱ ሆኗል፤ ሳዲቅም እዚያው ቆሞ አልቀረም። በ2011 «ስቶን ሮሊን»ን፣ በ2019 ደግሞ በሱስ ሕይወቱ ባለፈ ወንድሙ ስም የሰየመውን «ጂሚ ሊ»ን በሌላ ስልት ሠርቷል።

ስም የሌላቸው እጆች

አሁን ወደሚከነክነኝ ነገር ልምጣ። ሞታውን ውስጥ የሚጫወቱት ሙዚቀኞች ፈንክ ብራዘርስ ይባሉ ነበር። ከ1960ዎቹ ታላላቅ ዘፈኖች ብዙዎቹን የተጫወቱት እነሱ ናቸው። ስማቸው ግን ለዓመታት ሸክላው ሽፋን ላይ አልወጣም። በወጉ የተጻፈላቸው በ1971 በማርቪን ጌይ «ዋትስ ጎዪንግ ኦን» ላይ ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ኩባንያው ጠቅልሎ ወደ ሎስ አንጀለስ ሄደ። ቤዝ ተጫዋቹ ጄምስ ጄመርሰን ያን ሁሉ ዜማ በቀኝ እጁ አመልካች ጣት ብቻ እየነካ ያወጣ ሰው ነው። በ1983 የሞታውን 25ኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲከበር መድረክ ላይ አልተጠራም፤ ራሱ ትኬት ገዝቶ ከተመልካች መሀል ተቀመጠ። በዚያው ዓመት ሞተ። የባልደረቦቹን ታሪክ የሚናገር ዘጋቢ ፊልም የወጣው በ2002 ነው።

የሳዲቅ አልበም ከዚህ ታሪክ አጠገብ ሲቀመጥ ትርጉሙ ይሰፋል። አሽፎርድን መጥራት ለድምፁ ብቻ የተደረገ አይመስለኝም። ዕዳ መክፈልም አለበት።

ነገሩ እኛንም ይነካናል። ያ የጥቁር አሜሪካውያን ድምፅ በ1960ዎቹ በአስመራው የቃኘው የአሜሪካ ጦር ሰፈር ሬዲዮና በሸክላ በኩል ወደ ሀገራችን ገብቷል። አለማየሁ እሸቴን የሰማ ሰው ይህን አይክድም። አምሃ እሸቴም ከ1969 ጀምሮ ያን ዘመን በአምሃ ሪከርድስ ሸክላዎች አስቀርቶልናል። በኛ ካሴቶች ላይ «ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር» እየተባለ ስም መጻፉ ጥሩ ልማድ ነው። ግን ከምንወዳቸው የድሮ ዘፈኖች አንዱን አንሥታችሁ «ሳክስፎኑን የነፋው ማን ነው? ቤዙስ?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ጓደኞቼን ጠይቄ የድምፃዊውን ስም ያልነገረኝ የለም፤ የቤዝ ተጫዋቹን የነገረኝም የለም። ብንል ብንል የባንዱን ስም ነው የምናውቀው።

ክፍል ውስጥ ዜና ስንጽፍ መጀመሪያ የምንማረው «ማን?» የሚለውን ጥያቄ ነው። ሙዚቃ ላይ ስንደርስ ግን ይህን ጥያቄ ከአንድ ሰው በላይ አናስኬደውም። ከነዚያ ባንዶች ሙዚቀኞች በሕይወት ያሉ አሉ። አንዳንዶቹ ከኛ ካምፓስ በታክሲ ሊደረስባቸው ይችላል። በነጻነት እያወሩን፣ ስማቸውን እየነገሩን፣ ማን ከማን ጋር እንደተጫወተ እያረሙን የሚቀመጡበት ዘመን ግን ረጅም አይደለም። አሽፎርድ ሲጠራ በሕይወት ስለነበረ መጣ። ጄመርሰንን መጥራት የሚችል ሰው አልነበረም።

ስለዚህ አልበሙን ካገኛችሁት ሁለት ጊዜ ስሙት። መጀመሪያ ድምፃዊውን ተከተሉ። ሁለተኛ ጊዜ ድምፃዊውን ትታችሁ ታምቡሪኑን ብቻ ተከተሉ፤ ከመጀመሪያው ምት እስከ መጨረሻው። ከዚያ የሚመታው ሰው ስም ማን እንደሆነ ታውቃላችሁና፣ ያንኑ ጥያቄ ለሀገራችን ሸክላዎችም አንሡት። መልሱን ያገኘ ሰው ለዚህ መጽሔት ይጻፍልን።