መርከብ የተከለከለችው አሳሽ

የባሕር ወለል ተመራማሪው ብሩስ ሂዘን ከባሕር ሲመለስ ይዞት የሚመጣው የወረቀት ጥቅልል ነበር። መርከቧ አትላንቲክን ስታቋርጥ ድምፅ ወደ ታች ትልካለች፤ ድምፁ ወለሉን ነክቶ እስኪመለስ የወሰደው ጊዜ ጥልቀቱን ይነግራል። ድምፅ በባሕር ውኃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ 4 ሰከንድ ቆይቶ ከተመለሰ ወለሉ 3,000 ሜትር ታች አለ ማለት ነው። እነዚህን ቁጥሮች ወደ ሥዕል የምትለውጠው ማሪ ታርፕ ነበረች። እሷ ግን ሴት በመሆኗ መርከቧ ላይ መውጣት አይፈቀድላትም ነበር።

ታርፕ በ1920 እ.ኤ.አ. ሚሺጋን ውስጥ ተወለደች። አባቷ ለአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የአፈር ካርታ ይሠሩ ነበር። ወንዶቹ ለሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲዘምቱ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጂኦሎጂን ለሴቶች ከፈተ፤ በዚያ በር ገባች። በ1948 ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሲቀጥራት ግን የሌሎችን ስሌት እንድታግዝ ነው።

በ1952 ሰሜን አትላንቲክን የሚያቋርጡ ስድስት መስመሮችን ጎን ለጎን ነደፈች። በውቅያኖሱ መካከል ተራራ እንዳለ ከዚያ በፊትም ይታወቅ ነበር። የተራራው መልክ ከመስመር መስመር ይለያያል፤ አናቱ ላይ ያለው ስንጥቅ ግን በየመስመሩ ይደጋገማል። ስምጥ ሸለቆ ነው አለች። መርከብ መከልከሏ በደል ነው። ሆኖም መርከብ ላይ ያለ ሰው የሚያየው የራሱን መስመር ብቻ ሲሆን፣ እሷ ፊት ግን የሁሉም ጉዞ ተዘርግቶ ነበር።

ሂዘን የሴቶች ወሬ ብሎ አጣጣለው። የፈራው ነገር ነበር። ሸለቆው ካለ ወለሉ እየተከፈተ ነው፤ ወለሉ ከተከፈተ ደግሞ አኅጉራት ይንሸራተታሉ። ሳይንቲስቱ አልፍሬድ ቬግነር በ1912 ያቀረበውን ይህን ሐሳብ በዚያ ዘመን አሜሪካ ውስጥ መደገፍ ለተመራማሪ ስም አይበጅም ነበር።

የገላገላቸው ሀዋርድ ፎስተር የተባለ መስማት የተሳነው ሠዓሊ ነው። እሱ እዚያው ቢሮ ውስጥ፣ ለባሕር ውስጥ የስልክ ኬብል ሥራ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ የተነሣባቸውን ቦታዎች ነጥብ በነጥብ ካርታ ላይ ያሰፍር ነበር። የሁለቱ ካርታ ልኬት አንድ ነበርና ከሥር በሚበራ የመስታወት ጠረጴዛ ላይ ተደራረቡ። ነጥቦቹ ሸለቆው ውስጥ ተሰድረው ታዩ። ሂዘን ክርክሩን ተወ።

ከዚህ በኋላ ጥልቀቱ ባልተለካ ባሕር ላይ እንኳ የመንቀጥቀጡ ነጥቦች መንገድ መሪ ሆኑ። መስመሩ አትላንቲክን ወርዶ አፍሪካን በደቡብ ዞረ፤ ሕንድ ውቅያኖስ ገባ፤ በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል መጥቶ ከምሥራቅ አፍሪካው ስምጥ ሸለቆ ጋር ገጠመ። ዛሬ ጠቅላላ ርዝመቱ 65,000 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሆነ ይታወቃል። ፈረንሳዊው የባሕር አሳሽ ዣክ ኩስቶ ግን ሸለቆው መኖሩን አላመነም። ሐሰት መሆኑን አሳያለሁ ብሎ ካሜራ በመርከቡ እየጎተተ አትላንቲክን አቋረጠ፤ በ1959 ኒው ዮርክ ውስጥ በተደረገ ጉባኤ ያሳየው ፊልም ሸለቆውን በዓይን የሚያስመሰክር ሆነ። የተሸነፈበትን ፊልም ራሱ ማሳየቱ ያስመሰግነዋል።

ስለ ግኝቱ በወጡ ብዙ ጽሑፎች ላይ የታርፕ ስም ሳይጠራ ዓመታት አለፉ። ሂዘን በ1977 አይስላንድ አቅራቢያ ሰርጓጅ መርከብ ውስጥ ሞተ፤ ኦስትሪያዊው ሠዓሊ ሃይንሪኽ ቤራን የሣለው የሁለቱ የዓለም ውቅያኖስ ወለል ካርታም በዚያው ዓመት ታተመ።

ታርፕ በ2006 አረፈች። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በሴፕቴምበር 2005፣ የምሥራቅ አፍሪካው ስምጥ ሸለቆ በሚያልፍበት አፋር ውስጥ፣ ዳባሁ እሳተ ገሞራ አጠገብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም መሬት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ተከፍቶ፣ ከሥር የቀለጠ ዐለት ገባበት። ተመራማሪዎች ያለ መርከብ፣ በሳተላይትና በእግራቸው ሄደው ለኩት።