«ዘይት ያው ዘይት ነው»፦ የትራክተር ካምቢዮ ተረትና እውነታ

በአርሲና በባሌ የስንዴ ማሳዎች ለኪራይ የሚያርስ ትራክተር፣ እርሻ በደረሰ ሰሞን ከነዳጅ መሙያ ሰዓት በቀር እረፍት የለውም። ካምቢዮው በዚያ ወቅት ቢሰበር ባለንብረቱ የዓመት ገቢው፣ ተራ የሚጠብቀው ገበሬ ደግሞ የዘር ጊዜው ያልፍበታል። እንዲህ ያለው ጉዳት ከወራት በፊት፣ «የካምቢዮ ዘይት ስጠኝ» ብሎ የተሰጠውን ጀሪካን ተሸክሞ በመሄድ ሊጀምር ይችላል። ስለዚህ ስለ ዘይት የሚወራውን አንድ በአንድ ማየት ያስፈልጋል።

«ዘጠና ቁጥር ለማንኛውም ካምቢዮ ይሆናል።»

ወሬው የመጣው ከጭነት መኪና ነው። የመኪና ካምቢዮ ውስጥ ያለው በዋናነት ማርሽና ኩሽኔታ ስለሆነ፣ ዘይቱ እነሱን ካዳነ ሥራውን ጨርሷል። የዘመኑ ትራክተር ግን አብዛኛውን ጊዜ ካምቢዮውን፣ ዲፈረንሻሉን፣ ማረሻ የሚያነሳውን ሃይድሮሊክና ፍሬኑን በአንድ ዘይት ያሠራል። የፍሬኑ ዲስኮች ራሳቸው ዘይት ውስጥ ተነክረው ነው የሚይዙት። ማርሽ የሚፈልገው ጫና የማይበጥሰው ዘይት ነው፤ ፓምፕ ቶሎ የሚፈስለትን ይፈልጋል፤ የፍሬን ዲስክ ደግሞ እንዳይቃጠል የሚቀባው፣ ግን እንዲይዝ የሚፈቅድለት ዘይት ያስፈልገዋል። ይህን ሁሉ አስማምቶ የሚሠራው ዩቲቲኦ የሚባለው የትራክተር ዘይት ነው። በእሱ ፋንታ ተራ ዘጠና ቁጥር ሲሞላ መጀመሪያ የሚጮኸው ፍሬኑ ነው፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ያጓራል፣ የኋላው አካል ይንቀጠቀጣል። ብዙ ሰው ያን ጊዜ ፍሬን ያስፈታል። ጥፋቱ ግን የዘይቱ ነው።

ከቁጥሩ ጎን የሚጻፈውም ቸል ሊባል አይገባም። ጂኤል-4 እና ጂኤል-5 የሚባሉት የማርሽ ዘይት ደረጃዎች አንድ አይደሉም። ጂኤል-5 ለከባድ ጫና የሚጨመርበት የድኝና የፎስፈረስ ቅመም የበዛ ነው፤ ለአንዳንድ ዲፈረንሻል ተስማሚ ቢሆንም፣ ካምቢዮ ውስጥ ያሉትን የነሐስና የናስ ክፍሎች ሊበላ ይችላል። «አምስት ከአራት ይበልጣል» ብሎ መግዛት እዚህ ላይ ያከስራል።

«አገራችን ሞቃት ነው፣ ወፈር ያለው ይሻላል።»

በመጀመሪያ ደረጃ ዘጠና ቁጥር ከአርባ ቁጥር እጥፍ ይወፍራል ማለት ስህተት ነው። የማርሽ ዘይትና የሞተር ዘይት የሚለኩት በተለያየ ሚዛን ነው። በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት፣ 90 ቁጥር የማርሽ ዘይት ከ13.5 እስከ 18.5 ሴንቲስቶክ፣ 40 ቁጥር የሞተር ዘይት ደግሞ ከ12.5 እስከ 16.3 ሴንቲስቶክ ነው። ጎረቤታሞች ናቸው።

ሁለተኛ፣ «አገራችን» አንድ አየር የላትም። ጎባ አካባቢ ማለዳ የተነሳ ትራክተርና ሁመራ ላይ በቀትር የሚያርስ ትራክተር አንድ ሙቀት ውስጥ አይደሉም። ከሚገባው በላይ የወፈረ ዘይት በብርድ ጠዋት በፊልትሮው አልፎ ፓምፑ ጋ በቶሎ አይደርስም። ፓምፑ በዘይት ፋንታ ባዶ አረፋ ይስባል፣ ያፏጫል፣ ማረሻው ቀስ እያለ ይነሳል። በእያንዳንዱ ጠዋት የዚያች ፉጨት ጉዳት እየተጠራቀመ ፓምፑን ይጨርሰዋል። ቆላ ላይ ወፈር ያለ ደረጃ የሚፈቅዱ አምራቾች አሉ፤ ፈቃዱ ግን የሚገኘው መመሪያው መጽሐፍ ላይ ካለው የሙቀት ሰንጠረዥ ነው።

«የሞተር ዘይትም ይሠራል፤ ቤላሩስ ስንት ዘመን ሠርቶበታል።»

ይህ ግማሽ እውነት ስላለው ነው ለማረም የሚከብደው። በናዝሬት ይገጣጠም የነበረው ቤላሩስ ትራክተር በአገራችን ብዙ መካኒኮችን አስተምሯል። ኤምቲዜድ-80 የሚባለው ሞዴል የሃይድሮሊክ ዘይቱ ለብቻው ጋን ውስጥ ነው፤ ፋብሪካውም እዚያ ጋን ውስጥ የሞተር ዘይት አዟል። ካምቢዮው ደግሞ 40 ሊትር ያህል የራሱን የማርሽ ዘይት ይይዛል፣ ፍሬኑም ደረቅ ነው። እዚያ የተማረው ባለሙያ አልተሳሳተም። ስህተቱ ያን ልማድ ወስዶ ፍሬኑ ዘይት ውስጥ የሚሠራ ማሴይ ፈርጉሰን 300 ተከታታይ ላይ መድገም ነው። ለሞተርም ለካምቢዮም የሚሆን ስቱ የተባለ የትራክተር ዘይት አለ፤ እሱ ግን ሆን ተብሎ ለዚያ የተቀመመ ነው እንጂ ተራ የሞተር ዘይት አይደለም።

«ቀዩ ለሃይድሮሊክ፣ ቢጫው ለማርሽ።»

ቀለሙ ማቅለሚያ ነው። ስለ ጥራቱም ሆነ ስለ ሥራው የሚናገረው ነገር የለም።

«ጀሪካኑ ላይ የትራክተር ሥዕል ካለው ለትራክተር ነው።»

አሜሪካኖች ይህን በውድ ተምረውታል። ጆን ዲር ድሮ 303 የሚባል ዘይት ነበረው፤ ቅመሙ ውስጥ ስፐርም ዌል ከተባለው ዓሣ ነባሪ የሚወጣ ዘይት ይገባ ነበር። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንስሳው በሕግ ሲጠበቅ ቅመሙ ቀረ፣ መስፈርቱም በሌላ ተተካ። «303» የሚለው ስም ግን ርካሽ ባልዲዎች ላይ ለአሥርት ዓመታት ቀጠለ፤ የሚለካበት መስፈርት ሳይኖር። በመጨረሻ የሚዙሪ ግዛት ሽያጩን አገደ፣ ገበሬዎችም ሻጮችን ፍርድ ቤት አቆሙ።

ስለዚህ ሥዕሉን ትቶ የጀርባውን ጽሑፍ ማንበብ ነው። የሚፈለገው የአምራቹ መለያ ነው፦ ለማሴይ ፈርጉሰን ኤም1145፣ ለኒው ሆላንድ ማት3525፣ ለጆን ዲር ጄ20ሲ፣ ወይም መመሪያው መጽሐፍ የጠቀሰው ሌላ። «መስፈርቱን ያሟላል» እና «ለዚህ ትራክተር ይመከራል» የሚሉት አገላለጾች እኩል አይደሉም፤ ሁለተኛው መስፈርቱ መሟላቱን አያረጋግጥም። መጽሐፉ ከጠፋ የትራክተሩን ሞዴልና መለያ ቁጥር ይዞ ወኪሉን መጠየቅ ነው።

«ካልፈሰሰ አይቀየርም።»

ዘይት ሳይፈስም ይሞታል። ብዙ አምራቾች 1,000 ሰዓት አካባቢ ሲደርስ እንዲቀየር ያዛሉ፤ ፊልትሮው ቀደም ብሎ፣ አዲስ ትራክተር ላይ ደግሞ ይበልጥ ቀድሞ። የማርሽ ዱላው ጎማ ተቀዶ ዝናብ ከገባ ዘይቱ ማኪያቶ ይመስላል፤ ያን ጊዜ ሰዓት መቁጠር አያስፈልግም፣ ወዲያው ማፍሰስ ነው። የማፍሰሻው ቡሎን ማግኔት ካለው፣ የሚለጠፍበት ደቃቅ ግራጫ ጭቃ አያስፈራም። በጣት የሚቆጠር የብረት ስባሪ ግን ካምቢዮው እንዲፈተሽ የሚያስገድድ ነው።

ለኪራይ የሚሠሩ ሰዎች የሚረሱት አንድ መንገድ አለ። የሚገለበጥ ተጎታች ሲገጠም፣ የተጎታቹ ሲሊንደር የሚሠራው በትራክተሩ ዘይት ነው። ትናንት ሌላ ትራክተር ላይ የነበረ ተጎታች የዚያን ትራክተር ዘይት ይዞ ይመጣል፤ የራስን ጀሪካን በጥንቃቄ መርጦም ዘይት ሳይታወቅ የሚደባለቀው በዚህ ነው። ተጎታች የሚዋዋሱ ባለንብረቶች በአንድ መስፈርት ቢስማሙ ይበጃል።

የተሳሳተ ዘይት ከገባ በኋላ ትክክለኛውን ከላይ መጨመር አያድንም። ትራክተሩን አሠርቶ ዘይቱ ሲሞቅ ሙሉ በሙሉ ማፍሰስ፣ ፊልትሮውን መቀየር፣ ትክክለኛውን ሞልቶ ሃይድሮሊኩን ደጋግሞ ማንሳትና ማውረድ፣ ፍሬኑ ከዚያ በኋላም ካጓራ እንደገና አፍስሶ መሙላት ነው።