በአንዷ ሕዋስ ላይ የዋለ ዕድሜ

ኡራኤል ካለው ወፍጮ ቤት በርበሬ አስፈጭታችሁ ወደ ቤት ስትመለሱ፣ ከተፈጨው መካከል የሻገተችውን አንዷን ዛላ ለይታችሁ ማውጣት ትችላላችሁ? አትችሉም። የዘረመል ተመራማሪዎችም ችግር ለብዙ ዓመታት ይኸው ነበር። ከሰውነት የተወሰዱትን ሕዋሳት በአንድነት አዋሕደው አማካዩን ያነባሉ፤ የታመመችው ሕዋስ ከመቶ አንድ ከሆነች ግን በጤነኞቹ መካከል ተውጣ ትቀራለች።

ይህን ለመለወጥ ከደከሙት አንዷ እ.ኤ.አ. በ1971 እስራኤል የተወለደችው አቪቭ ሬጌቭ ናት። ሥነ ሕይወትንና የኮምፒውተር ስሌትን አጣምራ የያዘች ሴት ናት። በ2003 ከቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቷን አገኘች፤ በ2006 ደግሞ አሜሪካ በሚገኙት ብሮድ ኢንስቲትዩትና ኤም አይ ቲ ሥራ ጀመረች።

በ2013 ከባልደረቦቿ ጋር ባወጣችው ጥናት አንድ በአንድ የተነበቡት 18 የመከላከያ ሕዋሳት ብቻ ነበሩ። አሥራ ስምንት! ነገር ግን አንድ ዓይነት ናቸው የተባሉት እነዚህ ሕዋሳት ለአንድ ቅስቀሳ የተለያየ ምላሽ ሲሰጡ ተገኙ።

ብዙ ሕዋሳትን ለማንበብ ሌላ መሣሪያ አስፈለገ። በ2015 ኢቫን ማኮስኮና ስቲቨን ማካሮል ሬጌቭን ጨምሮ ከሌሎች ጋር ድሮፕ-ሴክ የተባለውን ዘዴ ይፋ አደረጉ። እያንዳንዷ ሕዋስ ከአንዲት ደቃቅ ቅንጣት ጋር በጠብታ ውስጥ ትገባለች፤ ቅንጣቷም ከሕዋሷ በሚወጡት መልእክቶች ላይ መለያ ትለጥፋለች። የየቤቱ ደብዳቤ በአንድ ጆንያ ቢቀላቀል እንኳ የቤት ቁጥር ከተጻፈበት ከማን እንደ መጣ ይታወቃል አይደል? በዚህ ዘዴ ከአይጥ ዓይን 44,808 ሕዋሳት በአንድ ጥናት ተነበቡ።

ጥቅሙ የታየው ቶሎ ነው። ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ሳንባን የሚጎዳ የዘር በሽታ ሲሆን መንስኤው ጂን የታወቀው በ1989 ነበር። በ2018 ግን የሬጌቭ ቡድንና ሌላ ቡድን፣ በየፊናቸው፣ በአየር ቧንቧ ውስጥ ከመቶ አንድ የማይሞሉ፣ አዮኖሳይት የተባሉ ሕዋሳትን አገኙ፤ በአይጥ ላይ ያ ጂን በብዛት የሚሠራው በእነዚህ ውስጥ ነበር። በኋላ የተሠሩ ጥናቶች በሰው ላይ ሌሎች ሕዋሳትም ትልቅ ድርሻ እንዳላቸው አሳይተዋል። ይህ መታረም እኔን ደስ ያሰኘኛል፤ መሣሪያው ባይኖር የሚታረምም አይኖርም ነበርና።

ሬጌቭ በ2016 ከሳራ ታይክማን ጋር የሰው ሕዋሳትን ሁሉ የሚመዘግብ ዓለም አቀፍ ካርታ አስጀመረች። በ2020 ጄነንቴክ የተባለውን የመድኃኒት ኩባንያ ምርምር ለመምራት ከዩኒቨርሲቲ ወጣች። ካርታው ግን በብዙ አገሮች እጅ ቀጥሏል፤ ከልዩ ልዩ ሕዝቦች የሚወሰዱ ናሙናዎችንም ማካተት ዓላማው ነው። በእኛ በኢትዮጵያውያን ሳንባ ወይም ጉበት ውስጥ ያለችው ሕዋስ እዚያ ካልተመዘገበች፣ ለልጆቻችን የሚቀመመው መድኃኒት በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ልብስ ይሆናል።