የሱረያ ከዋክብት ከየት መጡ? ወዴትስ ይሄዳሉ?



ልጅ ሲታመም ወይም ትዳር አልሳካ ሲል «ኮከቡ ምን ይላል?» ብሎ ኮከብ ቆጣሪ ዘንድ መሄድ በየአካባቢያችን አልጠፋም። ለመሆኑ ከዋክብት ስለ ራሳቸው ምን ይነግሩናል? ለዛሬ ሴት ልጆቻችንን በስሟ የምንጠራባትን ሱረያን እንመልከት።

ሱረያ አንዲት ኮከብ ሳትሆን የከዋክብት ዘለላ ናት። በታኅሣሥ መጨረሻ ዒሻእን ሰግደን፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ቀና ብንል ከአናታችን ትንሽ ወደ ሰሜን ዘንበል ብላ እናገኛታለን። ከደባርቅ ሊማሊሞን ወርደን ድብ ባሕር ላይ ከመብራት ፈቀቅ ብንል ደግሞ ይበልጥ ጥርት ብላ ትታያለች። ብዙ ሰው በዓይኑ የሚቆጥረው ስድስት ወይም ሰባት ነው፤ በቴሌስኮፕ ግን ከ1,000 በላይ መሆናቸው ታውቋል። ርቀቷ 440 የብርሃን ዓመት ያህል ነው። ዛሬ የምናየው ብርሃን ከእርሷ ሲነሳ ጎንደር ገና መናገሻ አልሆነችም ነበር ማለት ነው፤ ጎንደር የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1636 ነውና።

እነዚህ ከዋክብት ከየቦታው የተሰባሰቡ ሳይሆኑ አብረው የተወለዱ ናቸው። በሕዋ ውስጥ ሰፋፊና ቀዝቃዛ የጋዝና የአቧራ ደመናዎች አሉ። ደመናው በራሱ ስበት ሲሰበሰብ ይከፋፈልና ብዙ ጓል ይሆናል። እያንዳንዱ ጓል እየጠበበ ሲሄድ መሐሉ ይግላል፤ ሃይድሮጅኑ ወደ ሂሊየም መለወጥ ሲጀምር ኮከብ ሆነ ይባላል።

ፈተናው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የትላልቆቹ ከዋክብት ብርሃንና ንፋስ የተረፈውን ጋዝ ጠርጎ ያባርረዋል። ቤተሰቡን አንድ ላይ ይዞ የቆየው ግን በአብዛኛው የዚያው ጋዝ ስበት ነበር። ስለዚህ ብዙዎቹ ዘለላዎች በጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ይበተናሉ። ሱረያ ይህን አልፋ ዕድሜዋ 100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ደርሷል።

እርሷም ብትሆን ዘላለማዊ አይደለችም። ከዋክብቷ እርስ በርስ ሲሳሳቡ ከባዶቹ ወደ መሐል ይሰበሰባሉ፤ ቀላሎቹ ፍጥነት እያገኙ ያመልጣሉ። የፍኖተ ሐሊብ ስበትም ከውጭ ይጎትታቸዋል። ሊቃውንቱ ከ250 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ ትበተናለች ብለው ይገምታሉ። ፀሐያችንም ከ4.6 ቢሊዮን ዓመት በፊት በእንዲህ ያለ ዘለላ ውስጥ ሳትወለድ አልቀረችም፤ እህቶቿ ግን ተበትነዋል።

ተጠጋግቶ የሚታይ ሁሉ ደግሞ ቤተሰብ አይደለም። አብዱረሕማን አስ-ሱፊ እ.ኤ.አ. በ964 ባዘጋጁት መጽሐፍ የመዘገቡት አንድ ስብስብ ለረጅም ጊዜ እንደ ዘለላ ሲቆጠር ኖሯል። በ1990ዎቹ የሂፓርኮስ ሳተላይት ርቀታቸውን ሲለካ ግን ከዋክብቱ የተራራቁ፣ ለዓይን ብቻ የተጠጋጉ ሆነው ተገኙ።

እንግዲህ ውድ አድማጮቻችን፣ ከዋክብት እንደኛው የሚወለዱ፣ የሚያረጁና የሚበተኑ ፍጡራን ናቸው። የራሳቸውን መበተን መከልከል የማይችሉ ፍጡራን የልጃችንን ዕጣ እንዴት ይወስናሉ? ለኮከብ ቆጣሪ የምናወጣውን ገንዘብ ለልጃችን ሕክምና እናውለው። ሰማዩን ግን ከልጆቻችን ጋር ሆነን እንመልከተው፤ የፈጣሪውን የአላህን (ሱ.ወ.) ችሎታ እናስተውልበታለንና።