ከአንዲት እናት የተወለደ ቡና

በ1706 ከጃቫ ደሴት የመጣ አንድ የቡና ተክል አምስተርዳም ከተማ ደረሰ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ደቾች በከተማቸው የዕፅዋት ማዕከል፣ ሙቀት ባለው ቤት ውስጥ ተንከባክበው አሳደጉት፤ አበበ፣ አፈራም። የአረቢካ ቡና በራሱ ብናኝ ስለሚያፈራ አጠገቡ ሌላ ተክል አላስፈለገውም። በ1714 የአምስተርዳም ከንቲባ ከዚሁ የተገኘ ተክል ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ በስጦታ ላኩ፤ ተክሉም ፓሪስ በሚገኘው የንጉሡ የዕፅዋት ማዕከል ተተከለ። ከዚያ ገብርኤል ደ ክሊዩ የተባለ የባሕር ኃይል መኮንን ችግኝ ይዞ ወደ ማርቲኒክ ተሻገረ። ደቾች በበኩላቸው ወደ ሱሪናም ወሰዱት፤ በ1727 ብራዚል ገባ።

ዛሬ ቲፒካ የሚባለው የቡና ዘር የተስፋፋው በዚህ መንገድ ነው። ፈረንሳዮች በዚያው ዘመን ከየመን ወደ ሬዩኒየን ደሴት ወስደው የተከሉት ጥቂት ቡና ደግሞ ቡርቦን የሚባለውን ወለደ። የላቲን አሜሪካ የቡና እርሻ ለሁለት መቶ ዓመታት ያህል የቆመው በአብዛኛው በእነዚህ ሁለት ቀጫጭን የዘር ሐረጎች ላይ ነው። ተራራ የሚሸፍን ቡና ነው፤ ግን ሁሉም የቅርብ ዘመድ ነው። የቅጠል ዋግ በ1970 ብራዚል ሲገባ፣ በ2012 ደግሞ መካከለኛው አሜሪካን ሲመታ፣ አንዱን ዛፍ ያጠቃው በሽታ ጎረቤቱን የሚምርበት ምክንያት አልነበረም።

ይህን ታሪክ ያነሳሁት የዕፅዋት ማዕከላት ሥራ የሚለካበት መንገድ ስለሚያሳስበኝ ነው። በ2017 የወጣ አንድ ጥናት ማዕከላቱ በዓለም ከሚታወቁት የዕፅዋት ዝርያዎች ቢያንስ 30 በመቶውን፣ የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው ደግሞ 41 በመቶውን እንደያዙ አሳይቷል። ትልቅ ሥራ ነው፤ አላቃልለውም። ቁጥሩ የሚናገረው ግን ስንት ዓይነት ዝርያ እንዳለ ብቻ ነው። ከስንት እናት ዛፍ እንደተሰበሰበ አይናገርም። አንድ ዝርያ በመቶ ማዕከላት ተተክሎ፣ መቶውም የአንዲት እናት ልጆች ሊሆኑ ይችላሉ።

የዚህ ነገር ጥጉ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ታይቷል። የዕፅዋት ተመራማሪው ጆን ሜድሊ ዉድ በ1895 ኦንጎዬ ጫካ ዳር ከሳይካድ የተክል ወገን የሆነ አንድ ልዩ ተክል አገኘ፤ ከአንድ ሥር የወጣ ባለ ብዙ ግንድ ወንድ ተክል። ከጎኑ የበቀሉት ቡቃያዎች እየተነቀሉ ወደ ደርባን፣ ወደ ለንደኑ ኪው፣ ኋላም ወደ ሌሎች ማዕከላት ተወሰዱ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚታዩት ሁሉ የዚያ የአንዱ ወንድ ቅጂዎች ናቸው። ሴቷ እስካሁን አልተገኘችም፤ ስለዚህ የራሱን ዘር ሊያፈራ አልቻለም።

የእንስሳት ማቆያዎች ይህን ችግር ቀድመው አውቀውታል። የእያንዳንዱ እንስሳ አባትና እናት በመዝገብ ይሰፍራሉ፤ የትኛው ከየትኛው እንደሚዳቀል የሚወሰነው ያንን መዝገብ አይቶ ነው። የቺካጎ የዕፅዋት ማዕከልና የሃዋይ አጋሮቹ ይህንኑ አሠራር ለብሪጋሚያ አውለውታል። ብሪጋሚያ በካዋይ ደሴት ገደል ላይ ይበቅል የነበረ ተክል ነው። ብናኙን የሚያዳርስለት ነፍሳት ሲጠፋበት ባለሙያዎች በገመድ ተንጠልጥለው አበባውን በእጃቸው ያዳቅሉት ነበር። አሁን አውሮፓ ውስጥ የቤት ጌጥ ሆኖ በብዛት ይሸጣል፤ በተፈጥሮ ቦታው ግን የለም። በየማዕከሉ ተበታትኖ የቀረው የማን ልጅ እንደሆነ እየተጣራ፣ ዝምድናቸው የራቀ ተክሎች ብናኝ እንዲለዋወጡ ይደረጋል።

ወደ ቡና ልመለስ፤ ለእኛ ጉዳዩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነውና። የስንዴና የጤፍ ዘር ደርቆ በቅዝቃዜ ቤት ለረጅም ዘመን ይቀመጣል። ቡና እንዲህ አይሆንለትም። ቀይ እሸቱን ጨመቅ ሲያደርጉት ሁለት ፍሬ፣ ሆዳቸውን ገጥመው፣ በሚያሙለጨልጭ ጣፋጭ ልጋግ ተሸፍነው ይወጣሉ። ፍሬው ውስጥ ያለው ሽል ብዙ መድረቅንም ሆነ እንደ ሌሎቹ መቀዝቀዝን አይችልም፤ ለዘር የተያዘ ቡና ከጥቂት ወራት በኋላ የመብቀል አቅሙ ይደክማል። በፈሳሽ ናይትሮጅን የማቆየት ዘዴ ቢኖርም ውድ ነው። ስለዚህ የቡና የዘር ባንክ በዋናነት መሬት ላይ የቆመ ዛፍ ነው። ጅማ ዞን፣ ጎማ ወረዳ፣ ጮጬ ላይ የሚገኘው የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የመስክ ጂን ባንክ ከ5,000 በላይ የቡና ናሙናዎች ይዟል።

እንዲህ ያለ ማሳ ዕረፍት የለውም። ዛፉ ሲያረጅ ይጎነደላል፤ ከጉቶው የሚያቆጠቁጠው ያው ራሱ ነው። ዛፉ ከሞተ ግን ከፍሬው መተካት አያስተማምንም። ቡናው በአብዛኛው በራሱ ብናኝ ቢያፈራም ንብ አልፎ አልፎ ከጎረቤት ናሙና ታመጣለች፤ ልጁ ከእናቱ ሊለይ ይችላል። በዚህ ላይ ቁጥሩ የተጻፈበት ምልክት ወድቆ ከጠፋ ዛፉ ማንነቱ ያልታወቀ ቡና ሆኖ ይቀራል።

ስብስብ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው በራሳችን አገር ታይቷል። የቡና ፍሬ በሽታ በ1971 ኢትዮጵያ ውስጥ ተከሠተ፤ ለጋው ፍሬ እየጠቆረ ረገፈ። የጅማ ተመራማሪዎች መድኃኒቱን የፈለጉት ደን ውስጥ ነው፤ በሽታው በበረታበት መካከል ፍሬዋን ይዛ የቆመችውን እናት ዛፍ። 74110 እና 74112 የሚባሉት፣ ዛሬ የብዙ ገበሬ ጓሮ ያሉት ቡናዎች፣ በ1974 ኢሉባቦር፣ መቱ አካባቢ ከሚገኘው ቢሻሪ የተመረጡ ናቸው፤ መጀመሪያ ላይ ያለው 74 ዓመቱን ነው የሚናገረው። ጌሻም እንዲሁ። በ1930ዎቹ ከደናችን ተወስዶ፣ በታንዛኒያ በኩል በ1953 ኮስታሪካ ወዳለው፣ ዛሬ ካቲዬ ወደሚባለው የምርምር ማዕከል ስብስብ ገባ፤ ጣዕሙ ዓለምን ያስደነቀው በ2004 በፓናማ ውድድር ነው። ያን ሁሉ ዘመን ብዙዎች ለገበያ ያልፈለጉትን ዛፍ ያቆየው ስብስቡ ነበር።

የዱሩን ቡና አሁን ያንዣበበበት አደጋ ግን ደኑን ከሚቆርጠው መጥረቢያም የረቀቀ ነው። የተመረጠው ችግኝ በደኑ ዳርና በደኑ ውስጥ ይተከላል፤ ብናኙ ከዱሩ ቡና ጋር ይቀላቀላል፤ ገበሬው ሲመነጥር ደግሞ የሚያስቀረው የሚያፈራለትን ነው። ገበሬውን አልወቅስም፤ ልጆቹን የሚያሳድገው በዚያ ቡና ነው። ግን እያንዳንዱ ጫካ የነበረው የየራሱ ቡና ቀስ በቀስ አንድ ዓይነት እየሆነ ይሄዳል። ያዩ፣ ከፋና ሸካ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት መመዝገባቸው የሚጠቅመው፣ እምብርታቸው ከውጭ ችግኝ እንዳይገባበት ከተጠበቀና ለአካባቢው ሰው የዱሩን ቡና ማቆየት ገቢ ካመጣለት ነው።

ለስብስቦቹም ሦስት ነገር እጠይቃለሁ፦ እያንዳንዱ ናሙና የተለቀመበት ጫካና እናት ዛፉ በመዝገብ ይኑር፤ መዝገቡ ከማሳው ውጭ ቅጂ ይኑረው፤ ናሙናው ራሱ ከአንድ በላይ ቦታ ይተከል። ጮጬ ላይ የደረቀ የሸካ ቡና፣ ቦታው ከታወቀና ደኑ ካለ፣ ሰው ተልኮ በአንድ የለቀማ ወቅት ይመለሳል።