የመርፌው ቃል ምን ያህል ይታመናል? ስለ ፓነል አምፒር ሜትርና ቮልት ሜትር

ባለፈው የክረምት እረፍት ቡታጅራ ውስጥ አንድ ወፍጮ ቤት ገብተን ነበር። የወፍጮው 15 ኪሎዋት ሞተር በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ተቃጥሎ ሁለት ጊዜ ተጠቅልሏል። ባለ ወፍጮው ፓነሉን እያሳዩን፣ «ልጆቼ፣ ጭነቱ እኮ ትንሽ ነው፤ ይኸው ተመልከቱ» አሉን። የአምፒር ሜትሩ መርፌ 19 ላይ ቆሟል። የሞተሩ ስም ሰሌዳ ደግሞ 30 አምፒር ይላል። ኦቨርሎድ ሪሌው ቶሎ ቶሎ ሲያጠፋባቸው «ሪሌው ነው የተበላሸው» ተብሎ ከፍ እንዲል ተደርጓል። ሰው መርፌውን አምኖ ሪሌውን አላመነም። ስህተቱ የት እንደነበር ለመረዳት የመለኪያውን ፊት ማንበብ ያስፈልጋል።

በመድረሳ የዐረብኛ ፊደል ስንማር ከፊደሉ በላይና በታች ያለችውን ነጥብ የዘለለ ቃሉን እንደሚያሳስት ተነግሮናል። የፓነል መለኪያም እንዲሁ ነው። ትልልቆቹን ቁጥሮች ሁሉም ያያል፤ ዋናው ነገር ግን ከታች በኩል በትንንሹ የተጻፈው ነው።

የመጀመሪያው ምልክት የአሠራሩ ዓይነት ነው። የፈረስ ጫማ የመሰለ ማግኔት ከተሳለበት ቋሚ ማግኔትና የሚዞር ጥቅል ሽቦ አለው ማለት ነው። ይህ የሚለካው እንደ ባትሪና ሶላር ያለውን ቀጥተኛ ከረንት ነው፤ ክፍፍሉም ከዜሮ እስከ መጨረሻው እኩል ነው። የእኛ መስመር ከረንት በሰከንድ 50 ዙር ስለሚመላለስ፣ ሬክቲፋየር ካልተጨመረለት መርፌው ዜሮ ላይ ከመንቀጥቀጥ አያልፍም። በወፍጮ ቤት ፓነል ላይ የምናገኘው ብዙውን ጊዜ የሚንቀሳቀስ ብረት ያለውን ነው። በእሱ ውስጥ የሚገፋው ኃይል ከከረንቱ ስኩዌር ጋር ስለሚያድግ ክፍፍሉ መጀመሪያው ላይ የተጨናነቀ ነው። ስለዚህ ከታችኛው ጫፍ አካባቢ የሚነበብ ቁጥር ብዙ አይታመንም።

ሁለተኛው የትክክለኛነት ደረጃው ነው፤ 1.5 ወይም 2.5 ተብሎ ብቻውን ይጻፋል። ይህ ቁጥር ፐርሰንት ነው፤ የሚሰላው ግን በተለመዱት የፓነል መለኪያዎች ከሚነበበው ሳይሆን ከመለኪያው ሙሉ ልክ ነው። እስከ 500 ቮልት የሚለካ ባለ 1.5 ቮልት ሜትር የትም ቦታ ላይ 7.5 ቮልት ሊሳሳት ይችላል። 380 ካለን እውነቱ ከ372.5 እስከ 387.5 ባለው ውስጥ ነው፤ ይህ ለሥራ ይበቃል። እስከ 50 አምፒር የሚለካ ባለ 2.5 አምፒር ሜትር ግን 1.25 አምፒር ይሳሳታል። 30 ላይ ሲሆን ቀላል ነው፤ 5 ላይ ሲሆን የንባቡ ሩብ ነው። ስለዚህ የዘወትር ጭነቱ ከመለኪያው አጋማሽ በላይ እንዲውል አድርጎ መምረጥ ይገባል።

ሦስተኛው የአቀማመጡ ምልክት ነው። ቆሞ እንዲሠራ የተዘጋጀ መለኪያ ተጋድሞ ቢገጠም መርፌው ይዛባል። ከፊቱ በታች ያለችው ትንሽ ብሎን መርፌውን ዜሮ ላይ ለመመለስ ነው፤ የምትነካውም ኃይል ጠፍቶ ብቻ ነው። ስናነብም ፊት ለፊት ቆመን እንጂ ከጎን ሆነን አይደለም።

አራተኛው ደግሞ የቡታጅራውን ሞተር ያቃጠለው ነው። ትልቅ ከረንት በቀጥታ ወደ መለኪያው አይገባም፤ ሲቲ የሚባለው ከረንት ትራንስፎርመር አሳንሶ ያቀብለዋል። በመለኪያው ፊት ላይ 50/5 ተጽፏል፤ ይህም 50 አምፒር ሲያልፍ 5 አምፒር ይደርሰኛል ማለት ነው። ገመዱ ላይ ያለው ሲቲ ግን ባለ 100/5 ነበር። ከመጀመሪያው ቃጠሎ በኋላ ሲቀየር የተገኘው ተገጥሟል። ስለዚህ መርፌው የሚናገረው የእውነቱን ግማሽ ነበር። ቴክኒሻኑ በክላምፕ ሜትር ሲለካው 38 አምፒር አገኘ። 38 ለ30 ሲካፈል 1.27 ገደማ ነው፤ በጥቅሉ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ደግሞ በስኩዌር ስለሚያድግ 1.6 እጥፍ ይሆናል። ሪሌው እውነቱን ሲናገር ነበር። መለኪያው ባለ 100/5 በሆነ ተተካ፣ ሪሌውም ወደ 30 ተመለሰ፤ በርበሬና እህል ሲበዛበት አሁን መርፌውም ሪሌውም አንድ ቃል ይናገራሉ።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለን። ከረንት እያለፈ የሲቲውን ወደ መለኪያ የሚሄድ ሽቦ ፈጽሞ አትንቀሉ። መውጫው ክፍት ሲሆን ሰው የሚገድል ቮልቴጅ ሊፈጠር ይችላል። ኃይሉ መጥፋት አለበት፤ ማጥፋት ካልተቻለም ባለሙያው ሁለቱን ጫፎች አስቀድሞ ያገናኛቸዋል።

«ዲጂታል እያለ ይህ ለምን?» የሚል ይኖራል። ወልቂጤ ውስጥ ብየዳ ቤት የገባ ሰው መልሱን ያየዋል። ኤሌክትሮዱ ብረቱን በነካ ቁጥር የቮልት ሜትሩ መርፌ ዝቅ ሲል ከበር ላይ ሆኖ ይታያል፤ መስመሩ መድከሙን ለማወቅ ቁጥር ማንበብ አያስፈልግም። እነዚህ መለኪያዎች የራሳቸው የኃይል ምንጭም አይፈልጉም።

እንግዲህ ለእረፍት ወደየቤታችሁ ስትሄዱ በሰፈራችሁ ያለውን ወፍጮ ቤት ጎራ በሉ። ፓነሉን ሳትከፍቱ በመለኪያው ፊት ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ፤ ከሲቲው ጋር አንድ መሆኑን ቴክኒሻኑ እንዲያይ ንገሯቸው። አንድ ሞተር ከመጠቅለል መዳኑ ለአንድ ቤተሰብ ትልቅ ነገር ነው።