ፒዩሲ 19 ስለ ተባለው ተሸካሚ ፕላስሚድ

በዚህ ጽሑፍ የምናወሳው ነገር በዓይን የማይታይ ሲሆን፤ የዘርን ባሕርይ ለሚመረምሩ ሊቃውንት እንደ ጭነት በቅሎ የሚያገለግል ነው። ስሙም ፒዩሲ 19 ይባላል።

ባክቴሪያ በሚባለው ረቂቅ ተሐዋስ ውስጥ ፕላስሚድ የተባለ፤ እንደ ቀለበት የተጋጠመ ትንሽ የዲ ኤን ኤ ክር ይገኛል። ባክቴሪያው ሲራባ ቀለበቱም አብሮ ይባዛል። ስለዚህ ከበቆሎ ወይም ከሌላ ፍጥረት የተወሰደ ዘረ መል በቀለበቱ ላይ ቢቀጠል፤ ባክቴሪያው የባዕዱን ሸክም እንደ ራሱ አድርጎ ያባዛዋል።

ፒዩሲ 19 እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1985 ዓ.ም. በታተመ ጽሑፍ የተገለጸ ነው። ርዝመቱ 2686 ጥንድ ፊደል ብቻ ነው። አምፒሲሊን የተባለውን መድኃኒት የሚቋቋም ዘረ መል ስላለው፤ መድኃኒቱ በተጨመረበት ምግብ ላይ ቀለበቱን የያዘው ባክቴሪያ ብቻ ያድጋል። ከዚህም የሚበልጥ ብልሃት አለው። ኤክስ ጋል የሚባል ቅመም ሲጨመር፤ ባዶውን ቀለበት የያዘው መንጋ ሰማያዊ ይሆናል፤ ባዕድ ዘረ መል የገባበት ግን ሰማያዊውን የሚያወጣው ክፍል ስለ ተቋረጠ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ተማሪውም ስንዴን ከእንክርዳድ እንደሚለይ ሰው ነጩን ይለቅማል።

ይህን የሠሩት በጀርመን አገር የተወለዱት ሊቅ ዮአኪም ሜሲንግና የሥራ ጓደኞቻቸው ናቸው። ሊቁ ሥራቸውን በፓተንት አስከብረው ኪራይ መሰብሰብ ሲቻላቸው፤ ለጠየቃቸው ቤተ ሙከራ ያለ ዋጋ ይልኩ ነበር። መሬቱን ሳያጥር ለመንገደኛ ሁሉ የሚከፍት ባለርስት ስንት ይገኛል? ነገር ግን ፕላስሚድ ከመሬት የሚለይበት አለ፤ ሰጪው አይጐድልበትም፤ አንዲት ጠብታ የተቀበለውም ራሱ አራብቶ ለጎረቤቱ ያካፍላል። ድኻውም ትምህርት ቤት ከባለጠጋው ጋራ እኩል መሣሪያ የያዘው በዚህ ምክንያት ነው።

ሜሲንግ የበቆሎ ተመራማሪ ነበሩ፤ በ2013 ዓ.ም. የዎልፍን የእርሻ ሽልማት ተቀብለው በ2019 ዓ.ም. ዐረፉ። በቆሎ ሜቲዮኒን የተባለው ንጥረ ነገር ስለሚያንሰው፤ ዶሮ አርቢዎች በፋብሪካ የተሠራውን እየገዙ በመኖው ላይ ይጨምራሉ። እርሳቸውና ጓደኞቻቸው የባክቴሪያ ዘረ መል በበቆሎ ውስጥ አግብተው፤ ሜቲዮኒኑ መጨመሩን በ2017 ዓ.ም. ገለጡ።

ይሁን እንጂ ፒዩሲ 19 በባክቴሪያ ውስጥ ዘረ መልን ለማብዛት የተሠራ ነው እንጂ በእርሻ ላይ የሚዘራ ዘር አይደለም። ዘረ መልን በተክል ውስጥ ለማግባት ሌላ ተሸካሚና ሌላ ዘዴ ያስፈልጋል፤ ሹማምንትም ስለ አዲስ ዘር ሲጠየቁ ሁለቱን ለይተው ይመልሱ ዘንድ ይገባል።